የጓሮ ዶሮ ሥልጠና በስንት ብር? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ፤ ቤቴ ኮጪ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት በጓሮዬ ከ20 እስከ 25 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እያረባሁ ነው። ጎረቤቱም የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ‹እንዴት እንደምታደርጊ አሳዪን› ማለት ስላበዙ ለጀማሪዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ልከፍት አስቤአለሁ። ግቢዬ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ 30 ሰው ተቀብዬ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ላስከፍል፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የ45 ቀን ጫጩት አስመጥቼ ለሠልጣኞቹ ልሽጥና ትርፌን ከዚያ ላግኝ ብዬ ነው። መንግሥት በነጻ ስለሚያሠለጥን ከዚህ በላይ ብጠይቅ ሰው የሚመጣ አይመስለኝም። ዋጋው ተገቢ ነው? ሁለት ቀንስ ይበቃል?»

ዋጋው ተገቢ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ በስሌት አሳይዎታለሁ። ከዋጋው በፊት ግን የግቢዎ ነገር ይቀድማል። 30 ሰው በአንድ ቀን ወደ ዶሮ ቤትዎ ማስገባትን ያሰቡት ቦታው ስለሚበቃ ነው። አደጋው ግን ከቦታ ጥበት የሚመጣ አይደለም። ስለ ዶሮ ሊማር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ ሁለት ሦስት የሐበሻ ዶሮ ያለው ነው፤ እሱ ባይኖረው ጎረቤቱ አለው፤ ያም ባይሆን ሐሙስ ገበያ ወርዶ ዶሮ ሲያገላብጥ የዋለ ነው። ፈንግል የተባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ደግሞ የሚገባው በታመመ ዶሮ ብቻ አይደለም። በጫማ ሶል ላይ በደረቀ ኩስ፣ በእጅ፣ በልብስ ጫፍ፣ በመኖ ጆንያ፣ በእንቁላል ትሪም ይገባል። አንዴ ከገባ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። አምስት ዓመት የደከሙበትን መንጋ ለአንድ ቅዳሜ ገቢ አያጋልጡት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራዬን በጀመርኩበት ጊዜ ሠልጣኞችን ይዤ አንዲት ጎበዝ አርቢ ግቢ ገባሁ። ሁሉም እየተሻሙ ዶሮ ያዙ፣ ጎጆውን ፈተሹ፣ አመስግነው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ደወለችልኝ፤ ግማሽ ያህሉ አልቀዋል። በሽታው ከእኛ ጋር ይግባ ከሌላ ዛሬም ማረጋገጥ አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰው ሰብስቤ የሰው ዶሮ ቤት ገብቼ አላውቅም።

ስለዚህ ትምህርቱን ከመንጋዎ ያርቁት። ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ወይም በረንዳ ይከራዩ፤ ለእጅ ልምምድ ሦስት ጤነኛና የተከተቡ ዶሮዎች በሣጥን ወስደው ያሳዩ። እነዚያ ሦስቱ ማታ ወደ ጓደኞቻቸው አይመለሱም፤ እስከ 21 ቀን ለብቻቸው፣ በራሳቸው መጠጫና መመገቢያ ይቆያሉ፤ መኖ ሲሰጡም መጀመሪያ ለመንጋው፣ በመጨረሻ ለእነሱ ነው። ዶሮ ቤት ማየት ለሚፈልግ ሰው በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው፤ ግድ ካሉም ከአጥር ውጭ ቆሞ ይይ። ቀኑን ሲመርጡ ሐሙስንና ዓርብን ይተዉ፤ ሐሙስ ሰው ገበያ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ለብዙው የጅማ ሰው የጁምዓ ቀን ከመሆኑም በላይ ከገበያ የመጣው ጫማ ገና አልታጠበም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከሰዓት ይሻላል።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፤ በራስዎ ደረሰኝ ይተኳቸው፤ አካሄዱን ግን አይቀይሩት። ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣ ወጪ አለ። የክፍልና የወንበር ኪራይ 1,500፤ ዶሮና ዕቃ ማመላለሻ፣ ሳሙናና ጫማ የሚነከርበት ፀረ ጀርም መድኃኒት 600፤ ማስታወቂያና ስልክ 400፤ ለሚያልቀው ዕቃ 300 ይሁን። ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት አምስተኛው የእርስዎ ጊዜ ነው። 8 ሰዓት ያስተምራሉ፣ 6 ሰዓት ይዘጋጃሉ፣ ከሥልጠናው በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት በስልክ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ድምሩ 18 ሰዓት ነው። በሰዓት 150 ብር ቢያስቡት 2,700 ብር። በጠቅላላው 5,500 ብር ማንም ሳይመጣ የታሰረ ወጪ ነው። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ለወረቀት፣ ለጓንት፣ ለቡናና ለዳቦ 150 ብር ይጨመራል።

አሁን የእርስዎን ዋጋ እንፈትሽ። ከ300 ብሩ ላይ 150ው ለዚያው ሰው ስለሚወጣ የታሰረውን ወጪ የሚሸፍነው የቀረው 150 ነው። 30ውም ቢመጡ 4,500 ብር ይሆናል፤ ከ5,500 በ1,000 ይጎድላል። በግቢዬ ስለማስተምር የክፍል ኪራይ የለብኝም ቢሉ እንኳ ለ30 ሰው ወንበርና ዳስ መከራየትዎ አይቀርም። 20 ሰው ብቻ ቢመጣ ደግሞ የሚጎድለው 2,500 ነው፤ ማለትም ለ18 ሰዓት ድካምዎ 200 ብር ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ብዙ ሰው በዝቅተኛ ዋጋ ማስተማር የሚያዋጣው ለሠልጣኝ የሚወጣው ወጪ ከክፍያው እጅግ ሲያንስ ነው። በእጅ የሚሠራ ትምህርት ላይ እንዲህ አይሆንም።

በእኔ ምክር ጣሪያው 12 ሰው ነው። ሦስት ዶሮ ለ12 ሰው ማለት አንዷ ለአራት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዶሮዋ ትንገላታለች፣ ግማሹ ሠልጣኝም ሳይነካት ይሄዳል። ዋጋውን ሲያወጡ ግን 12ቱም ይመጣሉ ብለው አያስሉ፤ በ8 ያስሉ። 5,500ን ለ8 ሲያካፍሉት 687 ብር ከ50 ሳንቲም፤ 150 ሲጨመርበት ወደ 838 ብር ይጠጋል። ለክፉ ቀን ጥቂት አክለው 950 ብር ይበሉት። በዚህ ዋጋ ከአንድ ሰው 800 ብር ይተርፋል፤ 7 ሰው ከመጣ ወጪዎና ድካምዎ ተሸፍኗል፤ 12 ከሞላ ከደመወዝዎ በላይ 4,100 ብር ይቀራል። 4 ሰው ብቻ ከተመዘገበ ከኪስዎ ያወጡት ይመለሳል እንጂ ድካምዎ በነጻ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከ5 ሰው በታች ከሆነ ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉ፤ ይህንንም ሲመዘግቡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከክፍያው 300 ብሩን በቅድሚያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበሉ። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለቀረ ሰው ይመለስለታል፤ በዕለቱ ለቀረ አይመለስም። «እመጣለሁ» ያለ ሁሉ የሚመጣ መስሏቸው ዳቦና ወንበር አዘጋጅተው የከሰሩ አሠልጣኞችን አውቃለሁ።

ቅናሽ ማድረግ ከፈለጉ በሁለት ቦታ ብቻ ያድርጉት። አንደኛው ከአንድ ቤት ለሚመጣ ሁለተኛ ሰው ነው፤ ግማሽ ይክፈል። ይህን በብርቱ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ከፍሎ የሚማረው አባወራው ወይም እመቤቲቱ ትሆንና በየቀኑ መኖ የሚሰጠው፣ ውሃ የሚቀይረው፣ ማታ በር የሚዘጋው ሌላ ነው፤ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም አያት። ዶሮ የምትሞተው ባልሠለጠነው እጅ ነው። ሁለተኛው በየዙሩ አንድ ወንበር መክፈል ለማይችል ወጣት ወይም እናት መተው ነው፤ ይህን ከ12ቱ ላይ እንጂ ከ8ቱ ላይ አይቀንሱት።

«መንግሥት በነጻ ያሠለጥናል» የሚለውን ስጋት ላስተካክል። እውነት ነው፤ በተለይ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ እንቁላልና ዶሮ ያልሰማ ቤት የለም፤ የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችም ያስተምራሉ። ያ ትምህርት ብዙ ሰው ለመድረስ የታሰበ ነው፤ በአብዛኛውም ዶሮን ሥራ አድርጎ ለሚይዝ ሰው የተዘጋጀ ነው። እርስዎ ጋ የሚመጣው አምስት ዶሮ ይዞ ለልጆቹ እንቁላል ሊያበላ የሚፈልግ መምህር፣ ነርስ ወይም ነጋዴ ነው። እሱ የሚከፍለው ዶሮዋን በራሱ እጅ ለመያዝ፣ የራሱን ጓሮ ንድፍ አሳይቶ ለመታረም፣ ከወር በኋላ ደግሞ «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚደውልለት ሰው ለማግኘት ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ጋር አይፎካከሩ፤ ይልቁንም ሠልጣኞችዎን ለክትባት ወደ እነሱ ይላኩ።

ጫጩት ሽያጩን ይተዉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው። ጫጩቱ በሳምንቱ ከሞተ «እሷ የሸጠችልኝ» ይባላል፤ ያኔ የሚጠፋው የጫጩቱ ትርፍ ብቻ አይደለም፣ የአስተማሪነት ስምዎ ነው። ከዚህም የባሰው፣ ሰው በሥልጠናው ሞቅ ብሎ ቤት ሳይሠራ ጫጩት ይገዛና ሌሊቱን ካርቶን ውስጥ ያሳድራቸዋል። የ45 ቀን ጫጩት ዋናውን የማሞቂያ ጊዜ አልፏል፤ ለጅማ ብርድና ርጥበት ግን ደረቅ፣ ንፋስ የማይመታውና ሸለምጥማጥ የማይገባበት ቤት ይፈልጋል። ሠልጣኙ የሠራውን ቤት ፎቶ በቴሌግራም ይላክልዎት፤ አይተው «ደርሷል» ካሉት በኋላ የታመነ አከፋፋይ ይጠቁሙት። ከአከፋፋዩ ኮሚሽን የሚቀበሉ ከሆነ ለሠልጣኞቹ በግልጽ ይንገሩ። ለጀማሪ ደግሞ ጫጩት ሳይሆን የ3 ወር ቄብ ነው የምመክረው፤ ዋጋዋ ይወደዳል፣ ግን አብዛኛውን ክትባት ወስዳ የምትመጣና ለመጣል ጥቂት ሳምንት የቀራት ናት። ሲገዛ የትኛውን ክትባት በስንተኛው ቀን እንደወሰደች በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሁለት ቀን ይበቃል ወይ ላሉት፣ ሁለት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ በተከታታይ ግን አይሁን። በመካከሉ አንድ ሳምንት ይተዉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚያስተምሩት አንድ ጥያቄ እንዲመልሱ ነው፦ «ዶሮ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?» ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ዶሮ እንዳይበልጥ፣ ቆጡ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ጎጆ እንደሚበቃ ያሳዩና ቤታቸው ሄደው ጓሯቸውን በሜትር ለክተው ይምጡ። በኪራይ ግቢ የሚኖር ሰው ከአከራዩና ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ይምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበትን ያርሙ፤ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራው የሚያስፈልገው ለሚፈለፈል እንቁላል ብቻ ነው። በጋራ ግቢ ውስጥ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጮህ አውራ ስንት ጎረቤት አጣልቷል! ከሳምንቱ በኋላ ሁለት ሰዎች «ለእኔ አይሆንም» ብለው ቢመጡ ደስ ይበልዎት፤ ከስረው ከሚያማርሩ አሁን ማወቃቸው ይሻላል፣ ትምህርቱም ሥራውን ሠርቷል።

የገንዘቡንም እውነት በዚያው ቀን ይንገሯቸው። ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ውሃ ደግሞ የመኖዋን እጥፍ ያህል ትጠጣለች፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። አምስት ዶሮ በቀን 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ ማለት ነው። ከአምስቱ በቀን አራት እንቁላል ቢገኝ ለአንድ እንቁላል 150 ግራም መኖ ወጥቷል። የዕለቱን የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ በ0.15 አባዝተው ከገበያው የእንቁላል ዋጋ ጎን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ቄቧ የተገዛችበት፣ ቤቱ የተሠራበትና የምትሞተው ገና አልገቡበትም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል፣ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለችው የተሻሻለች ዝርያ በጥሩ አያያዝ እስከ 300 ትጥላለች፤ ያ 300 የሚገኘው ግን በተመጣጠነ መኖ እንጂ በእንጀራ ፍርፋሪ አይደለም። በማስታወቂያዎ ላይ «በወር ይህን ያህል ትርፍ» የሚል አንድም ቁጥር አይጻፉ። አምስት ዶሮ ቤት ያበላል፤ ኑሮ አያቆምም።

ለጅማ የተለየ ትኩረት የሚያስፈልገው ርጥበት ነው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ከሌላ አገር የመጣ የሥልጠና ወረቀት ይህን አያውቅም። የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ከራሰ ሁለት ነገር ይከተላል። ሽታው የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያም ይራባል። ጉዝጓዝ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ መበተን አለበት፤ ኳስ ሆኖ ከቀረ ርሷል፣ ይቀየር። ይህን እያንዳንዱ ሠልጣኝ በደረቅና በረጠበ ጉዝጓዝ በእጁ ይሞክረው፤ ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራል። በእኛ አካባቢ የቡና ገለባ በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ያንን ያነጥፋል። በደንብ የደረቀ ከሆነ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ግን ቶሎ ይሻግታል፤ የተፋቀ እንጨት ወይም የጤፍ ገለባ እመርጣለሁ። የቡና ገለባው ካፌይንም ስላለበት በመኖ ውስጥ አያስገቡት። መኖም እንዲሁ ነው፦ አምስት ዶሮ ያለው ሰው 50 ኪሎ ከረጢት ቢገዛ ከ80 ቀን በላይ ይቆይበታል፤ በጅማ ክረምት ይህ ለሻጋታ በቂ ጊዜ ነው። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ መኖውን በማጠብም በማድረቅም አይወጣም። ሠልጣኞችዎን ሁለት ሦስት እየሆኑ አንድ ከረጢት እንዲካፈሉ ያቧድኗቸው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ የእጅ ነው። ዶሮን ሳያስደነግጡ መያዝ፣ ክብደቷን ከደረት አጥንቷ ላይ መዳሰስ፣ አንገቷ ሥር ያለው የመኖ ከረጢት ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ መሆኑን ማወቅ፣ ከላባዋ ሥር ቅማል መፈለግ፣ ኩስ አይቶ ጤነኛውን ከታማሚው መለየት። አንድ የእንስሳት ሐኪም ለአንድ ሰዓት ጋብዘው ይክፈሉት፤ ወጪውንም ስሌቱ ውስጥ ያስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1952 በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እያለልን በዚህ ከተማ ሐኪም ማጣት ሰበብ አይሆንም። ክትባትን በተመለከተ እርስዎ ማስተማር ያለብዎት መርሐ ግብሩንና አያያዙን ነው፦ ኤች ቢ አንድ የተባለው የፈንግል ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ፣ ጉምቦሮ ለተባለው የጫጩት በሽታ የሚሰጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያ ላሶታ የተባለው ሌላው የፈንግል ክትባት፣ እሱም በየጊዜው እየተደገመ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ የሞተ ነው፤ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃም አይበጠበጥም፤ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚዘጋጅ አምስት ዶሮ ያለው ለብቻው መግዛቱ ብክነት ነው፤ እንደ መኖው ሁሉ በሰፈር ተሰባስበው ባንድ ቀን ያስከትቡ፤ ክትባት ሰጪው ግን ከግቢ ወደ ግቢ ሲሄድ እጁንና ጫማውን ይታጠብ። የታመመች ዶሮን በግምት የሰው አንቲባዮቲክ ማብላትን አጥብቀው ይከልክሉ፤ እንቁላሉን የሚበላው ያው የቤቱ ልጅ ነው።

ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። ሥልጠናውን እንደ ቋሚ ሥራ ከያዙት በንግድና በሥልጠና ፈቃድ በኩል የሚጠየቀውን ከከተማው ጽሕፈት ቤቶች አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሚሰጡት ወረቀትም «ተሳትፏል» ይበል እንጂ የብቃት ማረጋገጫ አይምሰል፤ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ሥልጣን የተሰጠው አካል ብቻ ነው። በዕለቱ ሳሙናና ውሃ ከበሩ ይኑር፤ ዶሮ የነካ ሰው ሳይታጠብ ዳቦ እንዳይነካ፣ ሳልሞኔላ የተባለው ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ጤነኛ ከምትመስል ዶሮም ይመጣል። ቋንቋም አይርሱ፤ ጅማ ውስጥ ከ12 ሠልጣኝ ብዙዎቹ ነገሩ ወደ ልባቸው የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ሲነገር ነው። እርስዎ የማይችሉ ከሆነ የሚችል ረዳት ይያዙ፣ ይክፈሉትም፤ ወረቀቱን ደግሞ ከጽሑፍ ይልቅ በሥዕል ይሙሉት።

ውሳኔዬ ይህ ነው። መጀመሪያ ስድስት ጎረቤቶችን በግማሽ ዋጋ፣ «ይህ ሙከራ ነው፣ ያልገባችሁን ትነግሩኛላችሁ» ብለው ያስተምሩ። ይህን ዙር ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምት መጨረሻ ያድርጉት። ሙሉ ዋጋ የሚያስከፍሉበትን የመጀመሪያ ዙር ለጥር ያቆዩት፤ የቡናው ለቀማ ያልፋል፣ የሰው እጅ ላይም ገንዘብ ይኖራል፣ የሚገዙት ቄቦችም ክረምቱ ሳይመጣ ጠንክረው ይቆማሉ። የጾምና የረመዳን ወራትን አይተው ሰዓቱን ያስተካክሉ። በግንቦት፣ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጀማሪ አያሠልጥኑ፤ በእነዚያ ወራት ለቀደሙት ሠልጣኞች ይደውሉና ጉዝጓዛቸው ደረቅ መሆኑን ይጠይቁ።